ጎልጎታና ጓዳ

የላሊበላ ሰው «ይፍረስ» ሲባል ቶሎ አይደነግጥም። ሌላው አገር ቤት የሚሠራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደረብ ነው፤ እኛን በዓለም ያስጠሩን ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ግን የተሠሩት በመቀነስ ነው። ከአለቱ አናት ተጀምሮ ቁልቁል ተጠረበ፤ በበርና በመስኮቱ ተገብቶ ውስጡ ተፈለፈለ፤ የማያስፈልገው ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። የቀረው ቤተ መድኃኔ ዓለም ሆነ፣ ቤተ ማርያም ሆነ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ሆነ። ይህን እያየ ያደገ አባወራ ዶማ በጨበጠ ቁጥር የንጉሥ ላሊበላ ደም በክንዱ ሲሮጥ ቢሰማው ምን ይፈረድበታል? አጎቴ በሳሎኑና በጓዳው መካከል ያለውን ግድግዳ አነሣለሁ ብሎ የተነሣው በዚሁ የደም ግፊት ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሰበቡ ደግሞ ገና። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፣ የንጉሡም ልደት ነው። ከወሎው፣ ከጎንደሩ፣ ከጎጃሙ፣ ከሸዋው ምእመኑ ይጎርፋል፤ ስንቁን በጀርባው አዝሎ በእግሩ የሚመጣውም ብዙ ነው። የከተማው ሰው ውሃና ሳፋ ይዞ ይጠብቀውና እግሩን አጥቦ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። አጎቴ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። የማያውቀውን ሰው እግር ሲያጥብ ፊቱ የሚበራውን ያህል በሠርጉ ቀን እንኳ አልበራም ትላለች አክስቴ። ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ ለመለየት ያስቸግራል።

ችግሩ ሳሎኑ ጠባብ ነው። መደቡ ሦስት ሰው ያስተኛል፤ ወለሉ ላይ ጭድ ተጎዝጉዞ፣ በላዩ አጎዛ ተነጥፎ፣ ሰዉም ተጠጋግቶ ሌላ ስምንት ይይዛል። ከዚያ በላይ የመጣ እንደሆነ እንግዶቹ ይተኛሉ፣ አጎቴ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ማታ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ቦታውን የሚበላው ይኼ ግድግዳ ነው» አለ። አክስቴ ተነሥታ ግድግዳውን ከበሩ በኩል በስንዝሯ ለካችው። ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል። «ይኼ ስንት ሰው ያስተኛል?» አለችው።

አጎቴ ዓይኑን የጣለው በግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ ባለው ላይ መሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ጓዳ ምን እንደሆነ ላስረዳ አልሞክርም፤ አንባቢም ከጓዳ በወጣ እንጀራ ነው ያደገው። የአክስቴ ጓዳ ውስጥ ጎታው አለ፣ የጠላው ጋን፣ የሊጡ ቡሃቃ፣ የሽሮውና የበርበሬው ዕቃ፣ ምድጃውና ምጣዱ አለ። ወደ ጓሮ የምታስወጣ ትንሽ በርም አለች፤ የቤቱ ክብር የቆመው በዚህች በር ነው። እንግዳ በትልቁ በር ሲገባ፣ ልጅ በትንሿ በር ወጥቶ ከጎረቤት እንጀራ ይበደራል። እንግዳው የሚያየው ሞልቶ የሚቀርበውን ሞሰብ ነው፤ ከየት እንደ ሞላ አይጠይቅም፣ አይነገረውምም። «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ሲባል ያፈራው የማን ቤት እንደሆነ ጓዳ ብቻ ነው የሚያውቀው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እዚህ መጥቶ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ካየ በኋላ፣ የጻፍሁትን ሰው አያምነኝም ብሎ ሠግቷል። አንዲት ጎታ የገና ሰሞን እንግዳ እንዴት እንደምታጠግብ ቢያይ ኖሮ ብዕሩን ጭራሽ ባላነሣው ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ሳሉ አለ። አጎቴ እንግዳ ፊት «በሞቴ» ማለት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ አክስቴ ከግድግዳው ኋላ ሆና በሳል ታስተዳድረዋለች። አንድ ጊዜ ከሳለች እንጀራ አለ፣ ደግመህ «በሞቴ» በል ነው። ሁለት ጊዜ ከሳለች አልቋል፣ ሰውዬው «ጠገብሁ» ሲል እመነው ነው። በዚህ ሥርዓት ልጆች አሳድገዋል፣ ድረዋል፣ ተዝካር አውጥተዋል። አንድም እንግዳ ሳይጠግብ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ጎታው ባዶ መሆኑን ያወቀ እንግዳም አልነበረም። የቤት ገመና ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ የሚሸፍነውም ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ጭቃ ነው።

አጎቴ ክርክሩን በአባቱ ቤት ጀመረው። «በአባቴ ቤት መሃል ግድግዳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር እኩል ነበር።» እውነቱን ነው። የአባቱ ቤት ክብ ነበር፤ በአገሩ ቀይ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ባለ አንድ ደርብ የላስታ ቤት። እንዲህ ያሉ ቤቶች በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተያይዘው ነበር የቆሙት። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባ፣ በኋላም ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ነዋሪው ተነሥቶ ሌላ ሰፈር ሲሰጠው፣ ጥቂቶቹ ራሳቸው ቅርስ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ ያነሣቸዋል። ሰፋሪው ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ድሮ ያልነበረውን ሳሎንና ጓዳ አመጣ።

አክስቴ ግን ያንን ቤት እሷም ገብታበታለች። «በአባትዎ ቤት ከብቱ ከታች ያድር ነበር፣ ሰው ከላይ። ወለሉ ነበር ግድግዳው። አሁን ማንን ከታች ላሳድርልዎ?» አለችው። አክስቴ አጎቴን አንቱ ነው የምትለው፤ ስትቆጣ አንቱታው ይጠነክራል፤ በጣም ስትቆጣ ለጳጳስ የምታወራ ነው የሚመስለው።

አጎቴ ወደ ንጉሡ ሸሸ። ላሊበላ ተራራውን ሲፈለፍል ጓዳዬ ተነካ ያለው እንደሌለ አስታወሳት። ይኼኔ አክስቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

«ንጉሡማ ተራራውን ሙሉ ባዶ ማድረግ ሲችል መቅደሱን ከቅድስቱ፣ ቅድስቱን ከቅኔ ማኅሌቱ ለይቶ የተወው ለምን ይመስልዎታል? እርስዎ በቤተ ሚካኤል አልፈው ጎልጎታ ሲገቡ እኔ እዚያው ቀርቼ ነው የምጠብቅዎ። ሴት አይገባበትም ተባለ፣ እሺ አልሁ፤ አንድ ቀን ለምን ብዬ አላውቅም። ጎልጎታ እኔ አልገባም፣ ጓዳዬም እርስዎ አይገቡም።»

ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን ስለ ግድግዳ የተናገረ የለም። ሰውዬው ግን ንጉሡን ትቶ ወደ ገበያ ዞረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እገዛልሻለሁ አለ፤ ሳሎኑን ሊሾ አስደርጋለሁ አለ። አክስቴም ሳይታሰብ እሺ አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ የፈረሰው ጭቃ እንዳይጣል፣ ጓሮ ይከመር። አጎቴ ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠረላት። እኔ አልቆጠርሁም፤ አክስቴ በከንቱ አፈር የምታስከምር ሰው አይደለችም።

ግንበኛው መጣ። መጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። የጭቃ ግድግዳ ሲያንኳኩት የሚናገረው ነገር የለም፤ ማንኳኳቱ ለሙያው ክብር ነው። ቀጥሎ ጥጉን አየ። መሃል ግድግዳው ከውጭው ግድግዳ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ አለ። «ይኼ ከቤቱ ጋር አልተወለደም፤ በኋላ የመጣ ነው» አለ። አብሮ የተሠራ ቢሆን ማገሩ ከማገሩ ተያይዞ፣ ጭቃውም አብሮ ደርቆ፣ ስንጥቁ ይጠማዘዝ ነበር እንጂ እንዲህ በቱንቢ የወረደ አይመስልም ነበር። አጎቴ ደስ አለው፤ በኋላ የመጣ ነገር በኋላም ይሄዳል ብሎ።

ግንበኛው ግን አልጨረሰም። የማዳበሪያ ኮርኒሱን ስፌት ፈታ፤ ወንበር ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ አስገባ፤ እኔ በስልኬ አበራሁለት። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ዓለም ጥላሸት፣ የአይጥ ጎጆና የልጆች የጨርቅ ኳስ ነው። ግድግዳው ውስጥ ሰባት ቋሚ አለ። ስድስቱ ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ያበቃሉ፤ ጭቃ ከመያዝ በቀር ሥራ የላቸውም። ሰባተኛው፣ ከሁሉም ቀጠን ያለው፣ ሽቅብ አልፎ አግዳሚውን ተሸክሟል። ወራጆቹ ያረፉት በአግዳሚው ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ በወራጆቹ ላይ። ይህ በየጭቃ ቤቱ ያለ ነገር ነው። ቤት ሲሠራ እንጨት ያጥራል፤ ባለቤቱ ባገኘው ቦታ ድጋፍ ያቆምና ከዓመታት በኋላ ጭቃ ለብሶ ተራ ግድግዳ ይመስላል። ስለዚህ ማንኛውንም መሃል ግድግዳ ከመንካት በፊት ጫፉ የት ላይ እንደሚያበቃ ወጥቶ ማየት ነው፤ ሥሩ ምንም አይናገርም።

«ስድስቱን ይውሰዷቸው ጋሼ» አለ ግንበኛው ሲወርድ። «ይችን ከነኩ ግን ቆርቆሮው ለገና አብሮዎት ይተኛል።»

«ሳሎኔ መሃል ምሰሶ ሊቆም?»

«ንጉሡስ በቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ 28 ምሰሶ ትቶ የለ?»

አጎቴ በምሰሶ ነገር ቂም አለው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጠናቀቁ ዝናቡንና ፀሐዩን ይከላከላሉ ተብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ክብደታቸውና ንፋስ የሚያንቀጠቅጠው ብረታቸው ለአለቱ ያሰጋል የሚል ስጋት በረታ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሰው ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። አጎቴ ከፊት ነበር። «ምሰሶ ይነሣ ብዬ አደባባይ የወጣሁ ሰው ነኝ!» አለ ለግንበኛው።

ግንበኛው እጁን እያራገፈ «ያኛው ቤቱን አልተሸከመም፤ ይኼኛው ተሸክሟል» አለ።

ስለ ላሊበላ ጥበብ ብዙ ተጽፏል፤ ከዚህ አጠር አድርጎ የገለጸው ግን አላነበብሁም። ፈልፋዮቹን አስደናቂ የሚያደርጋቸው ያወጡት ድንጋይ ብዛት አይደለም፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ያወጣል። የሚያስደንቀው ጨለማ ውስጥ ገብተው፣ መሳሳቻ በሌለው አለት ላይ፣ የትኛው እንደሚቀር ማወቃቸው ነው። ከጭቃ ግድግዳ ቋሚ ብትሰብር ሌላ ታቆማለህ፤ ከአለት ምሰሶ ከቆረጥህ የምትተካው በግንብ ነው፤ ቤተ መርቆሬዎስ ሂዶ በኋላ የተተካውን ግድግዳ ያየ ይህን ያውቃል።

የማፍረሻው ቀን ደቦ ተጠራ። ጠላው ተጠምቆ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ጎረቤቱ ዲጅኖና ዶማ ይዞ መጣ። ሁሉም አዋቂ ነው። አንዱ ከላይ ይጀመር ይላል፣ አንዱ ከታች፤ አንዱ ደግሞ ጠላው ይቅደም ይላል፤ የሱ ሐሳብ አሸነፈ። ከዚያ ግንበኛው በሰባተኛው ቋሚ ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍ ድጋፍ አስገብቶ በሽብልቅ አጠበቀና «ጀምሩ» አለ።

ግድግዳው በሳሎን በኩል ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው። በየዓመቱ ለገና በአሮጌው ላይ አዲስ ስለሚለጠፍ ንጣፉ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። የመጀመሪያው ዶማ ትልቅ ቁራጭ ገንጥሎ ሲጥል ከሥሩ የድሮ «አዲስ ዘመን» ብቅ አለ። አንዱ ደቦኛ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ጋዜጣው የተለጠፈው ተዘቅዝቆ ስለሆነ ሰውዬውም አንገቱን ዘቀዘቀ። ሌላው «ምን ይላል?» ብሎ ተጠጋ። ጥቂት ቆይቶ ሥራው ቆሞ አራት ጎልማሶች አንገታቸውን አጣመው በዘመኑ የእህል ዋጋ ይከራከራሉ። ዋጋውን ያነበበው «በዚህማ ዛሬም እገዛለሁ» አለ። ገጹ እዚያው ላይ ተቀዶ ስለነበር የዜናውን መጨረሻ ያወቀ የለም።

በጓዳ በኩል ያለው ፊት ሌላ ነው። ጋዜጣ የለውም፤ አክስቴ በየበዓሉ በእበትና በአመድ የለቀለቀችው ነው፤ ስንጥቁ ሁሉ ዕቃ ይዟል። ጭቃው ሲወርድ አብሮ ምላጭ ወረደ፣ ክር የተጠመጠመበት መርፌ ወረደ፣ ዝጎ የሞተ የሳጥን ቁልፍ ወረደ፣ ከማበጠሪያ የተለቀመ ፀጉር በድብልብሉ ወረደ፣ አጎቴ ከብዙ ዓመት በፊት ጠፋብኝ ብሎ ልጆቹን የገረፈበት የመሬት ግብር ደረሰኝ ወረደ። ልጆቹ አሁን የልጆች አባት ናቸው፤ አንደኛው ደቦው ውስጥ ነበረና ደረሰኙን አንሥቶ አባቱን ዝም ብሎ አየው። አጎቴ ጠላ ጠጣ።

ከዚያ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ወረደ። ዶማዎቹ ሁሉ ቆሙ። የማን ነው ቢባል የማንም አይደለም። አክስቴ ከትንሿ በር ላይ ሆና «እኔ አላውቀውም» አለች፤ ያልተጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። የነፍስ አባታቸው ተጠሩ፤ ክታቡን በመስቀላቸው ጫፍ ገልበጥ አድርገው አዩና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ የፈረሰውን እያዩ ቆሙ። አጎቴ ምስጋና ይጠብቅ ነበር። «መምሬ፣ ጌታችንም የጥልን ግድግዳ አፍርሶ የለ?» አላቸው።

«የጥልን ነዋ» አሉ መምሬ። «የጓዳን መቼ አለ?»

ጭቃው ሲራገፍ ከስድስቱ ቋሚዎች ገሚሱ ከሥሩ በስብሶ ተገኘ። ጣራው ያፈስበታል፣ መሬቱ ያረጥበዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ተሠርቶ እስከ ዛሬ የቆመው፣ በዋሻ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ስለማያገኘው ጭምር ነው። የአጎቴ ባሕር ዛፍ ዋሻ የሚያስጠልለው ዘመድ አልነበረውም። ሰባተኛው ቋሚ ግን ጥድ ሆኖ ተገኘ፤ ማን እንዳቆመው የሚያስታውስ የለም። አጎቴ ዞሮ ዞሮ አየውና የእንግዳ ጋቢ መስቀያ እንዲሆን ሚስማር መታበት።

ገና ደረሰ። ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ እንግዳ መግባት ጀመረ፤ አጎቴ በሩ ላይ ሳፋውን ይዞ ቆሞ የገባውን ሁሉ «እልፍ በሉ፣ ቦታ አለ» ይላል። በእርግጥም አለ። ሳሎንና ጓዳ አንድ ሆኖ የቅኔ ማኅሌት ያህል ሰፍቷል። እንግዶቹ ጎታውን ያያሉ፣ ጋኑን ያያሉ፣ ቡሃቃውን ያያሉ፤ አንዲት የዋግ እናት ሊጡን አይተው «ሊጡ ቀጠነ ልጄ» አሏት አክስቴን። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገና ስላልተገዛ ምድጃው በእንጨት ይነድዳል። ታኅሣሥ በላስታ ደጋ ብርዱ ያንሰፈስፋልና በሩን የሚከፍት የለም።

ጾሙ ገና ስላልተፈታ ሽሮው ቀረበ። አጎቴ «በሞቴ» ማለት ጀመረ። አክስቴ አንድ ጊዜ ሳለች። አጎቴ ቀጠለ። እንጀራው ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ሳለች። ነገር ግን ያን ጊዜ ጭሱ ሳሎኑን ሞልቶ ስለነበር ዲያቆኑ ሳለ፣ ሽማግሌው ሳሉ፣ የዋጓ እናት ሳሉ፣ ቤቱ በሙሉ ሳለ። አጎቴ ግራና ቀኝ እየዞረ ሊቆጥር ሞከረ፤ ጠፋበት። እንደ ልማዱ የሚወደውን መረጠ፤ «በሞቴ! በልጆቼ ሞት!» አለ። አክስቴ ደግማ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጋ ሳለች። ይኼኔ የዋጓ እናት ከመቀነታቸው ጤና አዳም ፈትተው «እንቺ ልጄ፣ ይኼ ደረት ክፉ ነው» ብለው ሰጧት። ልጅ በትንሿ በር ሊበደር ሲወጣ እንግዳው ሁሉ በዓይኑ ሸኘው፤ ጨዋ እንግዶች ስለነበሩ ሁሉም ባንድ አፍ «ጠግበናል» አሉ። አጎቴ ቤት እንግዳ ሳይጠግብ ያደረው ያን ሌሊት ነው።

በበዓሉ ቀን ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ገሚሱ ካህን ከማሜ ጋራ ላይ ገሚሱ ከታች ከቅጥሩ ሆኖ ሲቀባበል፣ አጎቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ላይና ታች የቆሙትን ካህናት ተራ በተራ ሲያይ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መሃሉ ባይኖር እኮ ቅብብሉም የለም» አለኝ። ስለ ዜማው ያወራ መስሎኝ ነበር።

ጥር ገባ። አክስቴ ጓሮ የተከመረውን ጭቃ የሸፈነችበትን ማዳበሪያ ገለጠች። የፈረሰ ጭቃ አይሞትም፤ ውሃና አዲስ የጤፍ ጭድ ካገኘ ተረግጦ ሰንብቶ እንደገና ይቦካል፤ እንዲያውም የቆየው ይሻላል የሚሉ አሉ። አጎቴ ከቅዳሴ ሲመለስ የጎረቤት ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጓሮ ውስጥ ይረግጣሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ግድግዳዎ ነዋ።»

ብዙ አልተከራከረም። ብቻ ሙሉ እንዳይሆን ለመነ፤ ብርሃን ይለፍ፣ አየር ይለፍ፣ ሰው ከሰው ይተያይ አለ። ግንበኛው አዳዲሶቹን ስድስት ቋሚዎች መሬት ላይ ደርድሮ መጋዙን ይዞ «እስከ የት ይድረስ?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አክስቴ እጇን ከሻሿ በላይ ዘረጋች። ግንበኛው አንዱን እጅ አየ፣ ሌላውንም አየ፤ የምሳው ሽሮ ከየት እንደሚወጣም አሰበ መሰለኝ፤ ቋሚዎቹን ከአክስቴ እጅ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ቆረጣቸው።